አውሮፕላኑ በእማዬ ሰዓት ሄዷል

እማዬ ዋሽንግተን ዱለስ ኤርፖርት ላይ "ዊልቼር ላይ አልቀመጥም" ብላ ድርቅ አለች።

ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ያን ሰዓት ዴንቨር ቤቴ ውስጥ ነኝ። የአውሮፕላኗን ምስል ስልኬ ላይ እያየሁ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን እመላለሳለሁ።

ዊልቼሩን ይዛ አውሮፕላኑ በር ላይ የጠበቀቻት ልጅ አበሻ ናት። ዱለስን የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም። እዚያ ዊልቼር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚያነሳው፣ ውጭ ታክሲ ይዞ የሚሰለፈው ብዙው የእኛው ሰው ነው። "እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሰዓት የለንም" አለቻት። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ አየች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ "የኔ ልጅ፣ ምን ያስቸኩለናል? አውሮፕላኑ እኮ ሄዷል" አለቻት።

አልሄደም ነበር። ገና 50 ደቂቃ ነበረው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ በስልክ። ሁለት አማራጭ መጣልኝ። አንዱ ዱለስ ላይ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያስቆማል። ሌላው 1 ሰዓት ከ40 ብቻ ያስቆማል፤ ዋጋውም በ140 ዶላር ይረክሳል። ደግሞስ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ስትመጣ ብቻዋን በሰው አገር ኤርፖርት 5 ሰዓት ሙሉ ትቀመጥ? አንጀቴ አልቻለም። ሰው ሲራራም ሲስገበገብም የሚጫነው ያንኑ አንድ ቁልፍ ነው። ተጫንኩት።

1 ሰዓት ከ40 ሲያዩት ብዙ ነው። ከፒያሳ ቦሌ ታክሲ ተጋፍተው እንኳ ይደርሱበታል። ግን ያ ቁጥር ከምን ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሚጀምረው የመጀመሪያው አውሮፕላን መቆሚያው ላይ ደርሶ ሲቆም ነው። የሚያልቀው ቀጣዩ አውሮፕላን ከቦታው ሲነቃነቅ ነው። ሁለቱም የአውሮፕላን ሰዓት ናቸው። የሰው ሰዓት አይደሉም።

ሰው 38ኛ ረድፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ፊቱ ያሉት ሁሉ ተነስተው፣ ቦርሳቸውን አውርደው፣ ጃኬታቸውን ፈልገው፣ አንዱ ስልኩን ወንበር ሥር ጥሎ ተመልሶ፣ እሱ በሩ ጋ የሚደርሰው ሩብ ሰዓት ቆይቶ ነው። በመነሻው በኩል ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች በሩን የሚዘጉት ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመው ነው። ከሁለቱም ጫፍ ሩብ ሩብ ሰዓት ተቆረጠ ማለት ነው። የእማዬ 100 ደቂቃ ገና ሳይነካ 70 ሆነ።

የአየር መንገድ ሰዎች ለአንድ ኤርፖርት ዝቅተኛ የማገናኛ ጊዜ የሚሉት ነገር አላቸው። ፍራንክፈርትን ብንወስድ ሲነገር የኖረው 45 ደቂቃ ነው። ትኬት የሚሸጠው ሲስተም ከዚያ በታች ያለውን ቀጣይ በረራ አያሳያችሁም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ዓይኑን ሳያሽ ይሸጥላችኋል። ሲስተሙ ምልክት የሚያነብ፣ እግሩ የሚፈጥን፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው የሚታየው። እማዬን አያውቃትም።

ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ ገና በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ስመላለስ፣ ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ዴንቨር ልመለስ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ትራንዚት ነበረኝ። ነሐሴ ነው። ልንነሳ ስንል የቦሌ ሰማይ ጠቆረና መብረቅ ጀመረ። መብረቅ ሲኖር ሜዳው ላይ ያሉት ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ። ሻንጣ አይጫንም፣ ነዳጅ አይቀዳም። ቀበቶ አስረን ዝናቡን በመስኮት እያየን ቁጭ አልን። አየር ላይ ትንሽ አካክሶ ፍራንክፈርት የደረሰው 30 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። የቀረኝ 45 ደቂቃ። ልክ ዝቅተኛው።

አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ቆመና በአውቶቡስ እንሄዳለን ተባለ። አውቶቡሱ ሞልቶም አይንቀሳቀስም፤ የመጨረሻውን ሰው ይጠብቃል። የመጨረሻዋ ሰው ሕፃን ያቀፈች እናት ናት። ማን ይቆጣታል? ገብተን ደግሞ ፍተሻ። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ሲቀይር እንደ አዲስ ይፈተሻል። ቦሌ ላይ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አውልቄያለሁ ብትል የሚሰማህ የለም። ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ እየሄዱ የማያልቅ ኮሪደር። ወደ አሜሪካ የሚሄድ በረራ ደግሞ በሩ አካባቢ የሰነድ ማጣሪያ አለው። "ሻንጣህን ማን አሰናዳው?" ይሉሃል። ላብህ ዓይንህ ውስጥ እየገባ "እኔ ራሴ" ትላለህ።

ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ግን አለ። ያ ነው የሚያበሳጨው። በመስታወቱ ማዶ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። የአብራሪውን ነጭ ሸሚዝ አየዋለሁ። እጄን ብዘረጋ የምነካው ነው የሚመስለው። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ትሁት ናት፤ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። የተዘጋ በር አይከፈትም፣ ሻንጣህም እየወረደ ነው አለችኝ። ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ በእንደዚህ ዓይነት በረራ ላይ ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ እኔ ኮሪደር ለኮሪደር ስሮጥ እነሱ ሻንጣዬን መፈለግ ጀምረዋል። እኔን ተስፋ የቆረጡብኝ እኔ ራሴን ተስፋ ከመቁረጤ በፊት ነው።

የሚቀጥለው ባዶ ወንበር በማግስቱ ነበር። ሆቴል ልሂድ ብል የሸንገን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ የለኝም፤ ከኤርፖርቱ አልወጣም። ብርድ ልብስ ሰጡኝና ወንበር ላይ አደርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር ኤርፖርት ሲያልፍ፣ በሩን ባይወጣም እንኳ፣ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱም አገሮች አሉ። እኔን ያዳነኝ ግሪን ካርዱ ነው። ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰውም ከዚህ ነጻ ነው። ግን ለምሳሌ ወደ ብራዚል ለመሄድ በፍራንክፈርት በኩል ርካሽ ትኬት የቆረጠ ሰው ቦሌ ላይ ነው የሚመለሰው። ትራንዚቱ ቢያጥርም ቢረዝምም ለውጥ የለውም።

የካሳ ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ቁጥር 261 የሚባል ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የኅብረቱ ፍርድ ቤት የአንዲት መንገደኛ ጉዳይ ቀረበለት። ከብሬመን ተነስታ፣ ፓሪስና ሳኦ ፓውሎ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ ፓራጓይ ልትገባ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ የቀጠሉት ሁሉ አመለጧትና 11 ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። ፍርድ ቤቱ የሚቆጠረው የመጀመሪያው በረራ መዘግየት ሳይሆን መጨረሻ የደረሱበት ሰዓት ነው አለ። ከአውሮፓ ኤርፖርት ተነስቶ በአንድ ትኬት የሚጓዝ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም፤ ለረጅም ጉዞ ካሳው እስከ 600 ዩሮ ይሄዳል። እኔን ያስቀረኝ መብረቅ ነው። ለመብረቅ ካሳ የለም። የሳንድዊች ኩፖን ሰጡኝ። ሳንድዊቹ ይጥም ነበር፣ ላለመዋሸት።

"በአንድ ትኬት" ያልኩትን ግን አትለፉት። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ዱለስ ድረስ አንድ ትኬት ቆረጠ። ከዱለስ አትላንታ ደግሞ ሌላ አየር መንገድ ላይ ለብቻው፣ በ79 ዶላር። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ትቶ ራሱን እንደ ጎበዝ ቆጥሮ ነበር። የመጀመሪያው ዘገየ። ሁለተኛው አየር መንገድ ግን ይህ ሰው ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ለእሱ በቀላሉ ያልመጣ መንገደኛ ነው። አዲስ ትኬት በ340 ዶላር ቆረጠ። መመለሻውም አብሮ ተሰረዘበት፤ የመሄጃውን ሳያሳውቁ ከቀሩ ቀሪው አብሮ ይሄዳል። እኔ ቢያንስ በአንድ ትኬት ስለሄድኩ ሌላ አውሮፕላን የመፈለጉ ጣጣ የእነሱ ነበር።

እንዲህ ተምሬ ነው እንግዲህ ለእናቴ 1 ሰዓት ከ40 የቆረጥኩት። ሰው የራሱን መከራ ይረሳል።

አሜሪካ ደግሞ ትራንዚት የሚባል ነገር የላትም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ካናዳ ልትሄድ ብታልፍባት እንኳ ቪዛ ያስፈልግሃል። መጀመሪያ ያረፍክበት ከተማ ላይ ነው ወደ አገሪቱ የምትገባው። ፓስፖርት እዚያ ይታያል፣ አሻራ እዚያ ይሰጣል፣ ሻንጣ እዚያ ይወርዳል። አቡዳቢ ወይም ደብሊን ላይ የሚቀይሩ ግን ይህን ሁሉ እዚያው ከአሜሪካ ሠራተኞች ጋር ጨርሰው ሊሳፈሩ ይችላሉ፤ እነሱ ሲያርፉ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ይወጣሉ። ሌሎቻችን እንሰለፋለን።

ቦሌ ላይ ሻንጣ ስታስመዝን፣ "እስከ ዴንቨር ነው" ትባላለህ። ወረቀቱም ላይ የዴንቨር ምልክት አለ። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዱለስ ላይ ሻንጣህን ከቀበቶው ራስህ አንስተህ፣ ጉምሩክ አሳልፈህ፣ ከበሩ ወጣ ስትል መልሰህ ማስረከብ አለብህ። ይህን ሳያውቅ ሻንጣውን ትቶ የሄደ ስንት ሰው አለ። እማዬን በስልክ ስንት ቀን አስጠናኋት። "ሻንጣዬን አነሳለሁ፣ እዚያው እመልሳለሁ።" እንደ ውዳሴ ማርያም ደገመችው።

ለእሷ ወረቀትም አዘጋጅቼ ነበር። በላይ በእንግሊዝኛ፦ ወደ ዴንቨር እየሄድኩ ነው፣ እንግሊዝኛ አልችልም፣ እባክዎ ይርዱኝ፣ የልጄ ስልክ ይህ ነው። በታች በአማርኛ የበረራዎቹ ሰዓት። "ዱለስ መድረሻ 7:45። ከዱለስ መነሻ 9:25።" በትልቁ፣ በማርከር። በሥራዬ ኮርቼ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ሁሉ ልኬላታለሁ።

የማን ሰዓት እንደሆነ ግን አልጻፍኩም።

የእኛን ሰው ከአውሮፕላን ጋር የሚያጣላው ይህ ሰዓት ነው። አጎቴ ማክሰኞ 00:40 የሚል ትኬት ይዞ፣ ማክሰኞን ሙሉ ቀን ዘመድ ሲሰናበት ውሎ፣ ማታ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ የሄደው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ለእሱ ያ ሌሊት የሰኞ ሌሊት ነው፤ ለፈረንጁ ማክሰኞ ገብቷል። ማንም አልተሳሳተም። አጎቴ ግን ቀረ።

የእማዬ ነገር ከዚህ ይረቃል። ወሩ ሰኔ ነው። በእነሱ በጋ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚቀረው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ዱለስ ግድግዳ ላይ 8:35 ሲል፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ያለው የእማዬ የእጅ ሰዓት 9:35 ይላል። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ትጠረጥር ነበር። አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ የግድግዳውን ሰዓት "ወደ ኋላ ቀርቷል" ብላ አለፈችው። የራሷን ነው ያመነችው። በየእሁዱ ከራዲዮ ጋር የምታስተካክለው ሰዓት ነው፤ ለምን አታምነውም? 9:25 የሚነሳው አውሮፕላን በ9:35 ሄዷል። ስለዚህ ዊልቼር ላይ የምትቀመጥበት ምክንያት አልታያትም።

(ለምታስቡት ይጥቀማችሁ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ወላጅ በዋሽንግተን በኩል የምታመጡ ከሆነ፣ "ከእጅ ሰዓትሽ ላይ አንድ ቀንሺ" በሏት። በእነሱ ክረምት ሁለት ይሆናል።)

ዊልቼሩንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የአበሻ ዲያስፖራ የታወቀ ዘዴ ነው። ቋንቋ የማትችል እናት ስትመጣ ዊልቼር ይታዘዛል፤ የሚገፋው ሰው መንገዱንም፣ ሰልፉንም፣ ሻንጣውንም ይመራታል። በአሜሪካ ሕግ አየር መንገዱ ይህን ያለ ክፍያ ነው የሚያቀርበው። ብዙ ጊዜም አጠር ያለ ሰልፍ አለው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ረጅም ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ጉልበቷ እሺ አይልም፤ ስለዚህ ብዙ ኅሊናዬን አልቆረቆረኝም። ግን ጤነኛ ጎረምሳ በዊልቼር ሰልፍ ሲዘል ሳይ አልወድም። ያንን ወንበር በእውነት የሚፈልግ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። መንገድ የሚያሳይ ሰው ብቻ ይመደብልኝ ማለትም ይቻላል፤ ትኬቱ ላይ ያስጽፉታል።

እንግዲህ ልጅቷ የእማዬን ወረቀት ተቀብላ አየች፣ የእጅ ሰዓቷን አየች፣ ሳቀች። "እማማ፣ ይሄ እኮ የእኛ ሰዓት ነው። እዚህ ገና 8:35 ነው።" እማዬ ያን ጊዜ ተቀመጠች። "ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪኛለሽ፣ ግፊው እንጂ" አለቻት።

አውሮፕላኑ የደረሰው 35 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ማንንም አልወቅስም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ኤርፖርት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅም ሰውም ሻንጣም ጢም አድርጎ ለረጅም መንገድ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲኬድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበረር ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። መመለሻው ይቀላል፤ ከዱለስ አዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ ይደረሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሶፋው ላይ ግን ትዝ አላለኝም።

ዱለስ ላይ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ ወደ ፓስፖርት አዳራሹ የሚወሰደው ባለጎማ ትልቅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው። ኤርፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ጀምሮ ያሉ ናቸው። ኤሮ ሳሪነን የሚባለው አርክቴክት ሰው ብዙ እንዳይራመድ ብሎ ያሰባቸው። በሩን ዘግቶ፣ ከሕንጻው ተላቆ፣ በሜዳው መሀል ይነዳል። እማዬ ተሳፍሬያለሁ ብላ አላሰበችም፤ መጠበቂያ ክፍል የገባች ነው የመሰላት። "ዝም ብለን ቆመን፣ አዳራሹ ራሱ ተነስቶ ሄደ" ትላለች እስከ ዛሬ። እስከ ዛሬም ያልተዋጠላት ነገር ነው።

ፓስፖርቱ ጋ ሰልፉ አጭር ነበር። አሻራ ሰጠች። "ማን ጋ ነው የሚሄዱት?" ተባለች፤ ልጅቷ አስተረጎመች፤ እማዬ ሁለት ቃል ይበቃ የነበረውን የእኔን የሕይወት ታሪክ ከውልደት ጀምራ ነገረችው። ከዚያ ሻንጣ። ሁለት ባለ 23 ኪሎ። አንዱ ቶሎ መጣ። ሌላው አልመጣም። ሰዓቱ 9:05 ሆኗል፤ በእማዬ 10:05።

ቀበቶው እየዞረ ሳለ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። "እማማ፣ ሻንጣው ውስጥ ሥጋ ነገር አለ?" እማዬ ዙሪያዋን አየች። "ትንሽ ቋንጣ" አለች በሹክሹክታ።

ቋንጣ እንዳትይዢ ብዬ አስምያት ነበር። ደግሞ የሐዋርያት ጾም ነው! ልጅቷም ይህንኑ አለቻት። "ጾም ላይ ቋንጣ?" "ለሐምሌ 5 ፍቺ ነዋ" አለች እማዬ፣ ይህ ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ልጅቷ ጥሩ ምክር መከረቻት። "አሁን አለኝ ይበሏቸው። ከተናገሩ ሥጋውን ይወስዱታል እንጂ አይቀጡዎትም። ደብቀው ከተገኘ ነው ቅጣቱ።" እማዬ ተናገረች። ወደ ጎን ተወሰዱ፤ ሻንጣው ተከፈተ። በርበሬው አለፈ። ሽሮው አለፈ። ዳቦ ቆሎው አለፈ። ፈታሹ አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስቶ ወደ ብርሃን አየው። "ውሃ ከአፍሪካ ድረስ?" ልጅቷ "ጠበል ነው" ብላ አስረዳችው። ሰውየው ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቦታው መለሰው። እማዬ ስለዚያ ሰው ክፉ አትናገርም። ቋንጣዋን ግን ቢን ውስጥ ሲጥል አየችው። "ያን ሁሉ ዘልዝዬ፣ ያን ሁሉ ቀን ሰቅዬ" እያለች ሦስት ቀን አወራችልኝ።

ሻንጣውን መልሰው ሲያስረክቡ 9:32 ነበር። የዴንቨሩ አውሮፕላን ተነስቷል።

እኔ ጥፋቱን በቋንጣው አሳበብኩ። እማዬ በወረቀቱ አሳበበች። ሒሳቡ ግን ሁለታችንንም አይደግፍም። 100 ደቂቃ ነበራት። 35ቱን ነፋሱ ወሰደ፤ 65 ቀረ። ከሁለቱ ጫፍ ሩብ ሩብ ሰዓት ሲነሳ 35 ቀረ። በ35 ደቂቃ ውስጥ የሚሄደው አዳራሽ፣ ፓስፖርት፣ ሁለት ሻንጣ፣ ጉምሩክ፣ እንደገና ፍተሻ፣ ከዚያ በባቡር ሌላ ሕንጻ። ቋንጣ ባይኖርም፣ ሰዓቷ ቢስተካከልም አትደርስም ነበር። ያመለጣት ሶፋው ላይ ነው።

ደግነቱ በአንድ ትኬት ነበረች። ሻንጣ መረከቢያው ጋ ስትደርስ ሲስተሙ ቀድሞ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ የ1:50ው በረራ ላይ አስገብቷታል። ከዱለስ ዴንቨር በቀን ብዙ በረራ አለ። ይሄ ደግሞ ከትራንዚቱ ርዝመት እኩል የሚታይ ነገር ነው። ቢያመልጠኝ የሚቀጥለው መቼ ነው? ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ አጭሩን መድፈር ይቻላል። የዕለቱ የመጨረሻ ከሆነ ግን ወንበር ላይ ማደር አለ፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። "ደህና ነኝ፣ አትጨነቅ። ከልጄ ጋር ነኝ።"

"ልጅሽ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ሌላ አገኘሁ።"

ልጅቷ የምሳ ሰዓቷ ሲደርስ ተመልሳ መጥታ ነበር። የደሴ ልጅ ናት። እማዬ በአውሮፕላኑ ላይ የቀረበላትን ዶሮ በጾም ምክንያት አልነካችም፤ ከቦሌ ጀምሮ የበላችው ዳቦ ቆሎ ብቻ ነው። ልጅቷ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮና ጎመን። ማይክሮዌቭ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ብላ አሙቃ አመጣች። ሁለቱ በሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በሉ። እማዬ ሰጥቻት የነበረውን 10 ዶላር ልትሰጣት ብትል እምቢ አለች። ያቺን ልጅ የመሰሉ ሠራተኞች ደሞዛቸው ትንሽ ነው፤ ጉርሻ መስጠት ይገባል። እማዬ ለምና ለምና ስላልተቀበለቻት አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት።

ከሰዓት ዴንቨር ኤርፖርት ቆሜ ስጠብቅ እማዬ ብቅ አለች። ዊልቼሩን አንድ ወጣት ይገፋል። ዊልቼሩ ላይ ቦርሳዋና ጋቢዋ ተቀምጠዋል። እሷ ከጎኑ በእግሯ ትራመዳለች።

መኪና ውስጥ ስለ ጉዞው ጠየቅኳት። ስለ አውሮፕላኑ አንድም ነገር አልተናገረችም። የልጅቷ እናት በስኳር እንደምትቸገር፣ ታናሽ ወንድሟ ኮምቦልቻ እንደሚማር፣ ከባሏ ጋር በፈረቃ እየተላለፉ አልጋ ላይ እንኳ እንደማይገናኙ ነገረችኝ። እኔ 11 ዓመት አሜሪካ ስኖር ዱለስን ሠላሳ ጊዜ አልፌበታለሁ። አንድም ሰው ስሙን ጠይቄ አላውቅም። ሁልጊዜ እየሮጥኩ ነው።

አሁን ሐምሌ ሊያልቅ ነው። እማዬ "ለቡሄ እዚሁ ልዋል" ስላለች ባለፈው ሳምንት የመመለሻዋን ቀን ልቀይር ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ከጎኔ ቡና ትለቅማለች። ዱለስ ላይ 1 ሰዓት ከ50 የሚያስቆም አለ። ስትመለሺ ይቀላል አልኳት። ሲወጡ ፓስፖርት የሚያይ ሰልፍ የለም፣ ሻንጣውም በቀጥታ ቦሌ ነው የሚወርደው፤ ጌት ለጌት መሄድ ብቻ ነው። ይበቃሻል።

"የ5 ሰዓቱን አድርገው" አለችኝ።

"እማዬ፣ 5 ሰዓት ምን ታደርጊያለሽ?"

ቡናውን ሰፌዱ ላይ አንገዋለለች። "ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ አይሁን። ልጅቷ እረፍት ናት።"